ከጨፌ ግራር ቅሬ የተባረርኩበት ሳምንት

ከራያ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። መሥሪያ ቤቴ የጠየቀኝ የጉዞ ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ጽፌ አስገብቻለሁ። «የምክክር መድረኩ በስኬት ተጠናቋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ውሸት ነው። የሆነውን የምጽፈው እዚህ ነው፤ ቆቦ አካባቢ ወርደው ለማያውቁና ለማይወርዱ ሰዎች፣ ማለትም ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ።

እንጀራዬ ረቂቅ ሕግ መጻፍ ነው። ከጻፍኳቸው አብዛኛዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይሞታሉ፤ ማንንም ስላልጎዱ አላዝንላቸውም። ያሁኑ ግን ጥሩ ነበር። ገበሬው እስካሁን የሚታከመው በየዓመቱ እያዋጣ በሚያሳድሰው የጤና መድን ነው፤ ያላሳደሰ ይቀራል። አዲሱ ረቂቅ መዋጮውን አንስቶ፣ ሀብታም ደሃ ሳይል፣ ሰው ሁሉ ከአገሪቱ ግምጃ ቤት በሚወጣ ገንዘብ ይታከም ይላል። ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ የእኛ ክፍል ሰው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። እኛ ከድሮው አሠራር ያመጣነው ካርዱን ነው። «የመድን ካርዱን ያላቀረበ ተገልጋይ አገልግሎት አያገኝም» የምትለዋን አንቀጽ የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር በተደረገ አውደ ጥናት ላይ፣ ዓሣ ከበላን በኋላ። ተጨበጨበልኝ።

ረቂቁ ወደ በላይ አካል ከመላኩ በፊት «ሕዝቡ ይወያይበት» ተባለ። ሕዝብ ማለት በእኛ አነጋገር ውሎ አበል የሚታሰብበት ቦታ የሚኖር ሰው ነው። ለእኔ ራያ ቆላ ደረሰኝ።

አንደኛው ቀን

አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ረፋድ ላይ አወረደኝ። ከዚያ ወልድያ ድረስ በሚኒባስ ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ ብሮሸር ይዣለሁ፤ ሽፋኑ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ፈገግተኛ ሐኪምና ከእሱ የባሰ ፈገግ ያለ ገበሬ አሉ። ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከሁለት ፍየሎች ጎን አሰረው።

«ወረቀት ነው፣ ተጠንቀቅለት» አልኩት።

«አብሽር፣ ፍየሎቹ አያነቡም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አላነበቡም። ወልድያ ስንደርስ የካርቶኑ አንድ ጎን ከነሐኪሞቹ ተግጦ ነበር። ለሥራ የወጣ ወረቀታችን ለአንድ ፍጡር ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርሳ ላይ ለምሳ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ሁለት ማንጎ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የማታውቀው ሰው አንድ ነገር ሲሰጥህ መጀመሪያ ኪስህን ትዳስሳለህ፤ እኔም ሳላስበው ዳሰስኩ፣ እሳቸውም አይተውኝ ሳቁ። ምን ሥራ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ በነጻ የሚታከምበት ሕግ ሊወጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። «አሏህ ያሳካው» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። በዚህ ረቂቅ ላይ ከተሰጡ አስተያየቶች መካከል እስካሁን የተሻለው እሱ ነው።

ወልድያ ያደርኩበት ፔንሲዮን ውሃ አልነበረውም። ባለቤቷ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ራሷ ተሸክማ አምጥታ፣ ያጠፋችው እሷ ይመስል ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

ሁለተኛው ቀን

አብሮኝ መውረድ የነበረበት የወረዳ ባለሙያ ጠዋት ደውሎ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቀጥሉ» አለኝ። ከስልኩ ጀርባ የሚሰማው የስኒ ኮሽታ ነበር። ጎብዬ ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሼ ሮቢት ወረድኩ። ሮቢት ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ዳግመኛ የለበስኩት አዲስ አበባ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ፣ ባጃጅ እስከ ጎሊና ወንዝ ዳር ወሰደኝና «ከዚህ በኋላ እግር ነው» ብሎ ተመለሰ። ወንዙ ሰፊ አሸዋ ነበር፤ መሃሉ ላይ ለፊት መታጠቢያ የማይበቃ ውሃ ይሄዳል።

ማዶ የሚጠብቁኝ ሁሴን የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለቱን እጆቻቸውን የሰቀሉበት። ካርቶኑን ሳልጠይቃቸው ተሸከሙ። ጨፌ ግራር እስክንደርስ በማሽላ መሃል አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን፤ ማሽላው ከእኔ ይረዝማል።

ሰዉ ከግራር ሥር ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ቅሬያቸው አንድ ነውና። ቅሬ ማለት እኛ እድር የምንለው ነው። የእኛን እድር በስልኬ እከፍላለሁ፤ ጎረቤቴ ሲሞት መሞቱን የማውቀው ድንኳኑ መኪና ማቆሚያዬን ሲይዝብኝ ነው። የእነሱ ቅሬ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይሸከማል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፤ አብሮት የሚበላም አይኖርም።

ብሮሸሩን አደልኩ። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ሁሉም ወዲያው ማራገቢያ አደረጉት። ያ ሁሉ ፈገግተኛ ሐኪም በአንድ ጊዜ ሲርገበገብ እያየሁ ገለጻዬን፣ የካርዱን አንቀጽ ጨምሬ፣ አቀረብኩ፤ ከዚያም ከቅጹ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ፦ «ባልታመሙበት ጊዜ ለሌሎች ሰዎች ሕክምና መክፈል ፍትሐዊ ነው ብለው ያምናሉ?» ይህን ጥያቄ ለማዘጋጀት ሁለት አማካሪዎች ተቀጥረው ነበር።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከሴቶቹ መሃል አንዲት አርባ የሚሆናቸው፣ ዓይነ ደማቅ ሴትዮ ማራገቢያቸውን አወረዱ። የሁሴን ባለቤት ከድጃ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ቅሬ ላይ የሚያዋጣው የሞተው ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አሉ።

ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቅጹ ላይ «አዎ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረግሁበት፤ መልሱ የሚገባበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

ልመለስ ስነሳ ደጋ የዘነበው ዝናብ ጎሊናን ሞልቶት መጣ። እኛ ጋ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙ ግን ግንድ እየገለበጠ ይሄዳል። ሁሴን ዳር ቆመው ትንሽ አዩትና «እንግዲህ የእኛ ነዎት» አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን

ወንዙ አልጎደለም። የማሽላ እንጀራ በእርጎ በላሁ፤ ከድጃ ሰሃኑን በጎደለ ቁጥር ይሞሉታል። «ጠገብኩ» ስል «የአዲስ አበባ ሰው ሆድ እንደ ደመወዙ ነው፣ ሳይሞላ ያልቃል» ይላሉ። አልጋውን ለእኔ ለቀው እነሱ ሰሌን ላይ ተኙ። አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ካደርኩ ሚስቱ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምወጣ በዘዴ ትጠይቀኛለች።

ከሰዓት በኋላ የቅሬውን ዳኛ ሼህ አደምን ጎበኘሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ቆይተው የሚመልሱ። የቅሬው ሳጥን የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ሲሆን ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱን ቁልፍ ሼህ አደም፣ አንዱን ሁሴን፣ አንዱን ሞላ የሚባል ክርስቲያን ጎረቤታቸው ይይዛል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ውስጡ የከፈን ጨርቅ፣ መዝገቡና የመንደሩ ሁሉ የጤና መድን ካርድ አለ።

«ካርዱ ለምን?» አልኩ።

«መጀመሪያ በየቤቱ ነበር» አሉ ሼህ አደም። «የአንዱን አይጥ በላው፣ የአንዱን ዝናብ አራሰው። የሁላችንም ነገር ከሆነ ከሁላችን ዘንድ ይቀመጥ አልን።»

«ሰው ሲታመምስ?»

ሁሴን መለሱልኝ። «ቀላል ከሆነ ጁምዓ ሳጥኑ ሲከፈት ካርዱን ይወስዳል። ከባድ ከሆነ ማን ካርድ ያስባል? ቃሬዛ ላይ አድርገን አስፋልት ነው። የሚከፈለውን ቅሬው ይከፍላል።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ «መልካም ተሞክሮ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ንብረት ክፍላችን እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለውም ብዬ ለሼህ አደም ነገርኳቸው፤ ንብረት ክፍል ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

አራተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ ከድጃ ታመሙ። እምብርታቸው አካባቢ የጀመረው ቁርጠት ወደ ቀኝ ጎናቸው ወርዶ አላስነሳ አላቸው፤ የቀመሱትን ውሃ ሁሉ ያስመልሳቸዋል። ትናንት በእኔ ሆድ ሲቀልዱ የነበሩ ሴት ጉልበታቸውን ደረታቸው ድረስ ሰብስበው ዝም አሉ። ሁሴን ወጥተው ተጣሩ። የጫማዬን ክር አስሬ ሳልጨርስ ግቢው ወንድ ሞላው፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው፣ ቃሬዛው ከነጠፍሩ። ወንዙ ጉልበት ድረስ ጎድሏል፤ ተሻግረው አስፋልት ሊወጡ፣ ከዚያም በመኪና ሆስፒታል ሊያደርሷቸው ነው። አራት ሰዎች ለማንሳት ጎንበስ አሉ።

«ቆዩ!» ያልኩት እኔ ነኝ።

ምን እንዳልኩ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ አይሸፍንም አልኩ። ሥርዓቱ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ እዚያ ካርድ ማሳየት፣ የሪፈር ወረቀት መያዝ፣ ከዚያ ሆስፒታል ነው አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ያዋጣችሁት ለዚህ ነው፣ መብታችሁን አትጣሉ አልኩ። በጣት እየቆጠርኩ ነበር የማስረዳቸው።

ሁሴን ወደ ሼህ አደም ዞሩ። «እንግዳው የሕግ ሰው ናቸው» አሉ ሼህ አደም። «ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።»

ሳጥኑን ለመክፈት ሲሄዱ ሞላ የለም። ቀኑ ገበያ ነው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ በሬ እየነዳ ጎብዬ ወጥቷል፣ ቁልፉም እንደወትሮው አንገቱ ላይ ነው። ስልኩ አይሠራም። ሰው ላኩ። እኔ ጓጉንቸሩን ስበሩት አልኩ። ያን ጊዜ ያዩኝ አስተያየት፣ መቃብር እንቆፍር ያልኩ ያህል ነበር።

«የቅሬ ሳጥን አይሰበርም» አሉ ሼህ አደም። «ዛሬ ቸኩለን ከሰበርነው ነገ ሌላው ሳይቸኩል ይሰብረዋል።»

«እንግዲያው ያለ ካርዱ እንሂድ» አሉ ሁሴን።

«ቢጠብቁ ይሻላል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው» አልኩ እኔ።

ጠበቅን። ቃሬዛው ከጥላ ሥር ነው፤ ወንዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እንዲህ ዓይነት መጠበቅ አዲስ አበባ ለምደነዋል፤ በየመስኮቱ እንጠብቃለን፣ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ። እዚህ ግን የሚጠበቅ መስኮት እንኳ አልነበረም፤ እኔው ነበርኩ መስኮቱ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከድጃ በድንገት ተነፈሱ። «ለቀቀኝ» አሉ። ፊታቸው ተፈታ። እኔ ደስ አለኝ፤ «አያችሁ?» አልኳቸው። ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ትርፍ አንጀታቸው የፈነዳው ያኔ ነው።

ሞላ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ከድጃ በትኩሳት መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ሦስቱ ቁልፎች ዞሩ፣ ካርዱ ወጣ። ቃሬዛውን እየተፈራረቁ በሩጫ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። እዚያ ያለችው ነርስ ካርዱን አላየችውም። የከድጃን ሆድ በእጇ ዳሰስ አድርጋ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ከጎህ ጀምሮ መሆኑን ሲነግሯት ብዕሯን አነሳችና እየጻፈች ጮኸችብን።

«ካርድ እየጠበቅን ነበር» አልኳት።

«ያለ ካርድ ብትመጡ ሪፈር አትጽፍም ያላችሁ ማን ነው? ያለ ካርድ ስለጻፍኩ የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ። አንድ ቢጨመርበት ምን እሆናለሁ?»

ወረቀቱን ለእኔ ሳይሆን ለሁሴን ሰጠቻቸው። አስፋልት ወጣን፣ ያቆምነው የመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ጫነን። ተሳፋሪዎቹ ሳያጉረመርሙ ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ። ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀበላቸው፤ በዚያ ቀን ሥራውን በሚገባ ያልሠራ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

አምስተኛው ቀን

ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ በድካም ቀልተዋል። «መግሉ ሆዷ ውስጥ ፈሷል። አጥበናል። ትተርፋለች ማለት አልችልም፣ አትተርፍም ማለትም አልችልም» አለን። «ጠዋት መጥታ ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።»

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ቢዞሩ ይሻለኝ ነበር።

ከጨፌ ግራር አሥር አሥር እየሆኑ ይመጣሉ፤ አሥሩ ሲመጣ አሥሩ ይመለሳል። ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈው ቁጭ ይላሉ፣ ያመጡትን ይበላሉ፣ የማያውቁትን አስታማሚ ሁሉ ያበላሉ። ከመቀሌ መንገድ የመጣ አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ብቻውን ያስታምም ነበር፤ በሁለተኛው ሰዓት የእነሱ ሰው ሆኖ እሱም ውሃ ይቀዳላቸዋል። እኔ ባለፈው ዓመት የሐሞት ጠጠር ያስወጣሁ ጊዜ፣ የክፍላችን ሰዎች በቴሌግራም የአበባ ምስል ላኩልኝ። ሁለቱ አንዱን ምስል ደገሙት።

ሆቴል ይዤ ብመለስ ይሻል ነበር፤ አልሄድኩም። ሞላ ከምሳው ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ፤ ጎመን በማሽላ እንጀራ። ቁልፉ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር።

ስድስተኛው ቀን

ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሙ «አሁን ትተርፋለች ማለት እችላለሁ» አለ። ሁሴን ግድግዳው ላይ ተደግፈው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። እኔም ወደ ሽንት ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እንድገባ ተፈቀደልኝ። ከድጃ ከንፈራቸው ደርቋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀመርኩ፤ አፌ የለመደው ቋንቋ ቀድሞኝ «ለተፈጠረው መጓተት» ምናምን ማለት ጀመርኩ። በጣታቸው አስቆሙኝ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ቅሬው ግን እኔ አይደለሁም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ በማግሥቱ ገባኝ።

ሰባተኛው ቀን

ሻንጣዬ ጨፌ ግራር ቀርቶ ነበር። ልወስድ ስሄድ ቅሬው ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሥርዓታቸው ነው፤ በሽተኛ ከተጓተተ፣ ቢድንም ባይድንም፣ ያጓተተው ተጠርቶ ይዳኛል።

መጀመሪያ ሞላ ቆመ። ቁልፍ ይዞ ገበያ በመውጣቱ፣ ከድጃ እስኪነሱ ድረስ ማሽላቸውን ሊያርም ተፈረደበት። «ይገባኛል» ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሁሴን ቆሙ፤ የእንግዳ ቃል ሰምተው የራሳቸውን ሚስት ቃሬዛ በማስቆማቸው፣ የመንደሩን ኩሬ ብቻቸውን ሊጠርጉ ተፈረደባቸው። አልተከራከሩም። ሚስቱ ሞት አፋፍ ደርሳ የተመለሰችለት ሰው ላይ እንዲህ ይፈረዳል? ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ ሼህ አደም ወደ እኔ ዞሩ።

«አዲሱ ሕግ፣ ሰው ሁሉ ይታከም ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«የሚቀር ሰው አለ?»

«የለም። ሁሉም ሰው።»

«እንግዲያስ ወረቀቱ ማንን ለመመለስ ነው?»

ስለ መረጃ አያያዝ ጀመርኩ። ስለ ቁጥጥር ቀጠልኩ። ሼህ አደም እስክጨርስ ጠበቁ፤ ሰው ሁሉ ጠበቀ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ የሚጠየቀው የፊደል ስህተት ነው።

«ይሄን የወረቀት ነገር የጻፈው ሰው ይታወቃል?» አሉ።

ኮሚቴው ነው ማለት እችል ነበር። ሁልጊዜም የምለው እሱን ነው። ከድጃ በጣታቸው እንዳስቆሙኝ ትዝ አለኝና «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቱ የቅሬያችን ሰው አይደሉም» አሉ ሼህ አደም። «ግን በበሽተኛችን ላይ ቃል ሰጡ፣ ቃሬዛውም በቃልዎ ቆመ። በቃሬዛ ላይ ቃሉ የሚሰማ ሰው የቅሬ ሰው ነው። ስለዚህ አባላችን ነዎት።» ሰዉ በራሱ ንቅናቄ አጸደቀ። «አባል ከሆኑ ደግሞ ይዳኛሉ። ያንን የጻፉትን እስኪያነሱ ድረስ ከቅሬ ወጥተዋል።»

በአንድ አፍ አስገብተው በዚያው አፍ አስወጡኝ። መሳቅ ነበረበት ሰው፤ የሳቀ የለም። እኔም አልሳቅሁም።

ስምንተኛው ቀን

ያን ምሽት ያደርኩት ሁሴን ቤት ነው፤ ሌላ ማደሪያ የለም። እራት ከከድጃ እህት እጅ ተቀብለው ራሳቸው አቀረቡልኝ፤ ከወትሮው የበለጠ ቅቤ፣ ከወትሮው የበለጠ ወተት። ከፊቴ አስቀምጠው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«አብረን አንበላም?» አልኩ።

«እንግዳ ነዎት፣ ይበላሉ» አሉ። «ከእኔ ጋር ግን አይደለም። አይክፋዎ።»

ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክመው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። የተረፈውን ብሮሸር አልጠየቅኋቸውም። ወንዙ ዳር ሻንጣዬን መሬት ላይ አኖሩ፤ እጅ አልሰጡኝም። ሮቢት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ፀሐይ ላይ መቆሜን ያየ አንድ ባለሱቅ ወንበሩን ወደ ጥላው አወጣልኝ። ልነግረው ቃጣኝ፤ ወንድሜ፣ እኔ ከቅሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ወንበርህን መልስ ልለው። ግን ተቀመጥኩበት።

ከተመለስኩ በኋላ

በረቂቁ ላይ የመጨረሻው ስብሰባ ባለፈው ሳምንት ተደረገ። እጄን አውጥቼ የካርዱ አንቀጽ ይነሳ አልኩ። ለምን እንደሆነ ተናገርኩ፤ ስለ ከድጃ ተናገርኩ፤ ሼህ አደም የጠየቁኝንም ጠየቅኳቸው። ሰብሳቢው በአክብሮት ሰማኝ። «እጅግ ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አለ፤ «በመመሪያ ይታያል።» ከጎኔ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ማኅበረሰቡ በካርድ አያያዝ ረገድ የግንዛቤ ክፍተት እንዳለበት ከሪፖርቴ እንደተረዳ ገለጸና፣ ለሥልጠና በጀት ይያዝ አለ። ሥልጠናው ጸደቀ። አንቀጹ እንዳለ አለፈ። ዳግመኛ እጄን ማውጣት እችል ነበር፤ ግን ምሳ ቀርቦ ሰዉ መነሳት ጀምሮ ነበር፣ እኔም ተነሳሁ። ይህን ያህል ነኝ።

ትናንት ለሁሴን ደወልኩ። ስለ አፊያዬ ጠየቁ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠየቁ። ከድጃ ድነው ማሽላው ውስጥ ወፍ መጠበቅ ጀምረዋል፤ ስድባቸውም ተመልሷል አሉኝ። ደስታዬን ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ።

«ሼህ አደም አጠገቤ ናቸው። ያ ነገር ተነሳ ወይ ይላሉ።»

«ገና ነው። በመመሪያ ይታያል ተብሏል።»

ሁሴን ያልኩትን ነገሯቸው። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። «መመሪያ ምንድን ነው ይላሉ።»

ላስረዳ ሞከርኩ። ሁሴን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ለሼህ አደም ግን በሁለት ቃል ነው ያስተላለፉት፦ «አልተነሳም።»

ያ ዝቅ ያለ የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ መጣልኝ።

«ከሞቱ አንቀብራቸውም በላቸው። ከታመሙ ግን ይምጡ፤ ወረቀት አንጠይቅም።»

ሁሴን ያልሰማሁ መስሏቸው ደግመው ነገሩኝ።